የባሕሩን ወለል ሳያይ የተበደረው ነጋዴ፤ የሳይረስ ፊልድ ሕይወት

ይህን ጽሑፍ ስጀምር ስለ ነጋዴ ለመጻፍ አላሰብኩም ነበር። ነገሩ የመጣው ከጋዜጠኝነት ታሪክ ክፍላችን ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሰዉ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የነበረው የኒውዮርክ ሄራልድ ዘጋቢ ሄንሪ ስታንሊ ዜናውን ከሁሉም ቀድሞ ማድረሱን ተምረናል። ስታንሊ ወደ ጦርነቱ ሲሄድ ስዊዝ ላይ ከቴሌግራፍ ሠራተኛው ጋር በገንዘብ ተስማምቶ ነበር። ሲመለስ የሱ መልእክት ቀድሞ ገባ። ከዚያ በኋላ በእስክንድርያና በማልታ መካከል ያለው የባሕር ገመድ ተበላሸና የእንግሊዝ መንግሥት ሪፖርት ራሱ ወረፋ ጠበቀ። ክፍል ውስጥ ሁላችንም ሳቅን፣ ስታንሊንም አደነቅን።

እኔን ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ዜናው ለንደን ከደረሰ በኋላ ወደ ኒውዮርክ የሄደው በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር በተዘረጋ ገመድ ነው። ያ ገመድ ከተዘረጋ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ማን ነው ማንም አይቶት በማያውቅ የባሕር ወለል ላይ ገንዘቡን ያፈሰሰው? ስፈልግ ያገኘሁት ሰው ሳይረስ ዌስት ፊልድ ይባላል፤ መሐንዲስም ሳይንቲስትም አልነበረም፣ የወረቀት ነጋዴ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልድ የተወለደው ኅዳር 1819 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ስቶክብሪጅ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ቄስ ነበሩ። ቤቱ ልጅ የበዛበት ሲሆን ወንድሞቹ ስመ ጥር ሰዎች ወጥቷቸዋል፤ አንዱ የታወቀ የሕግ ሰው፣ አንዱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ ሌላው ደግሞ ቄስና ጸሐፊ ሆነዋል። ሳይረስ ኮሌጅ አልገባም። በ15 ዓመቱ ኒውዮርክ ሄዶ በአንድ ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ተላላኪ ሆነ። የመጀመሪያው ዓመት ደመወዙ 50 ዶላር ነበር። ለወሩ አይደለም፣ ለዓመቱ ነው።

ከዚያ ወደ ወረቀት ንግድ ዞረ። በ1840 አገባ፤ በዚያው ሰሞን በአንድ የወረቀት ኩባንያ ውስጥ ትንሹ ሸሪክ ሆኖ ገባ። ብዙም ሳይቆይ በ1841 ኩባንያው ከሰረ። ዕዳውን ትልልቆቹ ሸሪኮች ይከፍላሉ ተብሎ ሲጠበቅ የ21 ዓመቱ ፊልድ ላይ ወደቀ (የኔ ዕድሜ መሆኑን ሳነብ ትንሽ ደነገጥኩ)። ከአበዳሪዎቹ ጋር ተደራድሮ ለእያንዳንዱ ዶላር 30 ሳንቲም ሊከፍል ተስማሙ፣ ቀሪው ተሰረዘለት። ሕጉ በዚህ አበቃ። ፊልድ ግን በራሱ ስም ድርጅት ከፍቶ አሥር ዓመት ያህል ሌት ተቀን ሠራ። ሀብታም ሲሆን የድሮ አበዳሪዎቹን እያፈላለገ፣ የተሰረዘለትን ቀሪ ገንዘብ ከነወለዱ ከፈላቸው።

ይህን ታሪክ ብዙዎች የሚያነሱት ሐቀኝነቱን ለማሳየት ነው። እኔ ደግሞ ሌላም ነገር አየሁበት። እኛ ሰፈር ዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ ማን እንደከፈለና ማን እንደቀረ በጭንቅላቱ ይዞ ነው የሚኖረው፤ የተረሳ ዕዳውን ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ምን ቢጠይቅ አይከለከልም። ፊልድ ኋላ ላይ ለማይታይ ነገር ገንዘብ ሲለምን ሰዎች የሰጡት ይህን ስለሚያውቁ ይመስለኛል። ስሙን መያዣ አደረገ ማለት ይቻላል።

በ1853 ገና በ33 ዓመቱ ሥራውን ቀነስ አድርጎ ከአንድ ሠዓሊ ጓደኛው ጋር ደቡብ አሜሪካን ሲዞር ከረመ። በ1854 መጀመሪያ ላይ ፍሬድሪክ ጊዝቦርን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ወደ ቤቱ መጣ። ጊዝቦርን በኒውፋውንድላንድ ደሴት ላይ የቴሌግራፍ መስመር ሲዘረጋ ገንዘብ አልቆበት የከሰረ ሰው ነው። ሐሳቡ ከአውሮፓ የሚመጡ መርከቦች ደሴቷ ጋ ዜና እንዲያወርዱና ከዚያ በሽቦ ወደ ኒውዮርክ እንዲላክ ነበር። በዚህ ጥቂት ቀናት ይተርፋሉ። እንግዳው ከሄደ በኋላ ፊልድ ቤቱ ያለውን ሉል እያዞረ ሲያይ ኒውፋውንድላንድና አየርላንድ ፊት ለፊት መሆናቸውን አስተዋለ ይባላል። ከመርከብ ይልቅ ገመዱ ራሱ ለምን ባሕሩን አይሻገርም?

እዚህ ላይ የሠራው ነገር ነው ለኔ የሕይወቱ ቁልፍ። ገንዘብ ከማሰባሰቡ በፊት ሁለት ደብዳቤ ጻፈ። አንዱ ለሳሙኤል ሞርስ ነው፤ ኤሌክትሪክ ያን ያህል ርቀት በውኃ ሥር ይሄዳል ወይ ብሎ ጠየቀው። ሌላው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የካርታ ሰው ለሆነው ለማቲው ሞሪ ሲሆን የባሕሩ ወለል ገመድ ያስቀምጣል ወይ የሚል ነው። ሁለቱም ይቻላል አሉት። የሞሪ መልስ ደግሞ ከጠበቀው በላይ ነበር፤ ምክንያቱም ይህንኑ ጉዳይ የሚመለከት ሪፖርት ለአለቆቹ በዚያው ሰሞን አዘጋጅቶ ነበር።

ያኔ ጥልቀት የሚለካው በገመድ ጫፍ ላይ ክብደት አስሮ ወደ ባሕር በመልቀቅ ነው። ችግሩ ክብደቱ መሬት መንካቱን ማወቅ ይከብዳል፣ ገመዱን መልሶ መጎተትም ሰዓታት ይወስዳል። ጆን ብሩክ የሚባል ወጣት የባሕር ኃይል መኮንን ለዚህ መላ ፈጠረ። የመድፍ ጥይት መሐሉን ተበስቶ በቀጭን ዘንግ ላይ ይሰካል። ዘንጉ ወለሉን ሲነካ ጥይቱ ተላቆ እዚያው ይቀራል፤ ዘንጉ ብቻ በጫፉ ትንሽ ጭቃ ይዞ ይወጣል። በ1853 ዶልፊን የተባለች መርከብ በዚህ መሣሪያ ሰሜን አትላንቲክን ስትለካ በኒውፋውንድላንድና በአየርላንድ መካከል ያለው ወለል ረባዳ ሜዳ የሚመስል ሆኖ ተገኘ። ሞሪም ስሙን የቴሌግራፍ አምባ አለው።

የወጣው ጭቃ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አሸዋ አልነበረም፤ በዓይን የማይታዩ የጥቃቅን ፍጥረታት ቅርፊቶች ነበሩ፣ ያውም ያልተሰባበሩ። ከዚህ ተነስቶ ሞሪ እዚያ ታች ውኃው አይናወጥም፣ ገመድ የሚያሻሽ ሞገድ የለም አለ። ከአንዲት ቁንጥር ጭቃ ይህን ያህል ማንበብ መቻሉ ይገርማል። ሆኖም ለሰፊው ውቅያኖስ የነበረው የጥልቅ ልኬት ሁለት መቶ ገደማ ብቻ ነበር። ይህ ማለት ከባሕር ዳር እስከ ሞያሌ ያለውን አገር ጥቂት ቦታ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ካርታ እንደ መሳል ነው። አምባ የተባለው ቦታም እንደተባለው ሜዳ አይደለም፤ ትልቁ የመሐል አትላንቲክ ተራራ ሰንሰለት እዚያው ያልፋል። ፊልድ የያዘው ካርታ ጠቅላላ ሐሳቡ ትክክል፣ ዝርዝሩ ግን ባዶ ነበር።

ጎረቤቱን ፒተር ኩፐርንና ሌሎች የኒውዮርክ ባለሀብቶችን አሳምኖ ኩባንያ መሠረተ። መጀመሪያ የኒውፋውንድላንድን የየብስ መስመር መጨረስ ነበረባቸው። 640 ኪሎ ሜትር ያህል ጫካ፣ ረግረግና ድንጋይ ነው። ቶሎ ያልቃል የተባለው ሥራ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ፈጅቶ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ በላ። በ1855 ደሴቷን ከዋናው ምድር የሚያገናኘውን አጭር የባሕር ገመድ ሊዘረጉ ሲሄዱ በሚጎትተው መርከብ ላይ እንግዶች ጭምር ተጋብዘው ነበር፣ ሽርሽር ዓይነት። ማዕበል ተነሳ፣ ካፒቴኑና መሐንዲሱም አልተግባቡም፤ በመጨረሻ ገመዱ ተቆርጦ ባሕር ውስጥ ቀረ። በዓመቱ በትክክለኛ መርከብ ተሠራና ተሳካ። ፊልድ ከዚህ ብዙ መማር ነበረበት። የተማረው ግን ግማሹን ብቻ ይመስላል።

በ1856 እንግሊዝ ሄዶ የአትላንቲክ ቴሌግራፍ ኩባንያን ከሌሎች ጋር አቋቋመ። ካፒታሉ 350 ሺህ ፓውንድ ሲሆን እያንዳንዳቸው 1 ሺህ ፓውንድ የሚያወጡ 350 አክሲዮኖች ወጡ። ፊልድ ብቻውን 88ቱን ወሰደ። አሜሪካውያን ይገዙታል ብሎ ነበር፤ አገሩ ሲመለስ የፈለጋቸው ጥቂት ናቸውና አብዛኛው እጁ ላይ ቀረ። ለመንግሥት ድጋፍ የቀረበው ሕግም በአሜሪካ ሴኔት ያለፈው በአንድ ድምፅ ብልጫ ነው።

ከዚህ በኋላ ጥድፊያው መጣ። ፊልድ በ1857 በጋ ገመዱ መዘርጋት አለበት ብሎ ወጥሮ ያዘ። ዊልያም ቶምሰን (ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው) የመዳቡ ውፍረትና ጥራት ወሳኝ መሆኑን ቢያሳይም ገመዱ አስቀድሞ ታዝዞ ነበር። ለሁለት ፋብሪካዎች ተከፍሎ ስለተሠራ ደግሞ የውጭው የብረት ሽቦ አንደኛው ጋ ወደ ቀኝ፣ ሌላኛው ጋ ወደ ግራ ተጠምዝዞ ተገኘ! ሁለቱ ሲጋጠሙ አንዱ ሌላውን ይፈታዋል ማለት ነው። ይህን የሚያግድ ልዩ ማያያዣ መሥራት ግድ ሆነ። ሁለት ሰው አንድ ቤት ተከፋፍሎ ሲሠራ አንዱ በሜትር፣ ሌላው በክንድ እንደለካ አስቡት።

ነሐሴ 1857 ናያጋራ የተባለችው የአሜሪካ መርከብ ከአየርላንድ ተነስታ ገመዱን መልቀቅ ጀመረች። ከ600 ኪሎ ሜትር ያህል በኋላ ገመድ መልቀቂያው ማሽን ላይ ፍሬኑ ሲጠብቅ ገመዱ ተበጠሰና ከ3,600 ሜትር በላይ ጥልቅ ወደሆነው ወለል ሰመጠ። በሰኔ 1858 ሁለት መርከቦች መሐል ውቅያኖስ ላይ ተገናኝተው ገመዱን አጋጥመው ወደየአቅጣጫቸው እንዲሄዱ ተወሰነ። መንገድ ላይ የተነሳው ማዕበል የእንግሊዟን አጋሜምኖን ሊያሰጥማት ነበር። ደጋግመው አጋጠሙ፣ ደጋግሞ ተበጠሰ። ከኩባንያው ዳይሬክተሮች አንዳንዶቹ የቀረውን ገመድ ሸጠን እንበተን ሲሉ ፊልድ ለመጨረሻ ጊዜ አሳመናቸው። በሐምሌ እንደገና ሄዱ፤ ነሐሴ 5 ቀን 1858 ገመዱ ሁለቱንም ዳርቻ ነካ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፌሽታ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት የ98 ቃል መልእክት ላከች፤ ለመተላለፍ 16 ሰዓት ያህል ፈጀ። ኒውዮርክ ርችት ተኩሳ ተኩሳ የማዘጋጃ ቤቷን ጉልላት አቃጠለች። ፊልድ በሰረገላ እየዞረ ሕዝቡ አጨበጨበለት። ግን ገመዱ እየሞተ ነበር። ዋይትሃውስ የተባለው የኩባንያው የኤሌክትሪክ ኃላፊ (በሙያው ሐኪም ነበር) ደካማውን ምልክት አበረታለሁ ብሎ እስከ 2,000 ቮልት የሚደርስ ኃይል ለቀቀበት። መስከረም መጀመሪያ ላይ ድምፁ ጠፋ። ሕዝቡ ያንኑ ሰው ገለበጠው፤ ነገሩ ሁሉ የአክሲዮን ማጭበርበሪያ ነበር፣ ገመድ የሚባል ነገር የለም የሚሉ ጋዜጦች ሳይቀሩ ነበሩ። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይህችን ልብ ልንል ይገባል፤ በነሐሴ ጀግና ብለው የጻፉ ሰዎች ናቸው በመስከረም አታላይ ያሉት፣ በሁለቱም ጊዜ ገመዱን የመረመረ አልነበረም።

ቀጥሎ ያለው ጊዜ ለፊልድ መራራ ነው። በ1859 መጨረሻ ሱቁ ተቃጠለ፤ ኢንሹራንሱ ጉዳቱን በሙሉ አልሸፈነም። በ1860 ለሁለተኛ ጊዜ ከሰረ፣ ለአበዳሪዎቹም ለዶላር 25 ሳንቲም ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነቱ መጣና ለአትላንቲክ ገመድ ገንዘብ የሚሰጥ አሜሪካዊ ጠፋ።

ነገር ግን በእነዚህ ባዶ በሚመስሉ ዓመታት ሁለት ትልልቅ ነገሮች ተከናውነዋል። አንደኛው ምርመራው ነው። የእንግሊዝ መንግሥትና ኩባንያው የጋራ ኮሚቴ አቋቁመው ባሕር ውስጥ የተጣሉ ገመዶችን ሁሉ መረመሩ። በ1861 የወጣው ሪፖርት እንደሚያሳየው እስከዚያን ጊዜ ከተዘረጋው 11,364 ማይል የባሕር ገመድ ውስጥ የሚሠራው 3,000 ማይል ያህሉ ብቻ ነበር። ሪፖርቱ ጥፋቱን ለባሕሩ አልሰጠም። ንጹሕ ያልሆነ መዳብ፣ ሳይፈተሽ የተጫነ ገመድ፣ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ መሸፈኛ፣ ያልተጠና ወለል፤ ሁሉም አስቀድሞ ሊታወቁ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። ሪስክ የምንለው ነገር ከዕድል ወደ ዝርዝር ጥያቄ የተለወጠው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነው። በዚያ ዘመን ኤድዋርድ ፎርብስ የተባለው ታዋቂ የተፈጥሮ ተመራማሪ ከ550 ሜትር በታች ሕይወት የለም የሚል ሐሳብ አስተምሮ ነበር፤ ብርሃን የለም፣ ጫናው ከባድ ነው፣ ማን ይኖራል? በ1860 ከሰርዲንያ ወደ አልጄርያ የተዘረጋ የተበላሸ ገመድ ለጥገና ሲጎተት ከ2,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ከነበረው ክፍል ላይ ዛጎልና ቆሮል ተጣብቆ ወጣ። ገመዱ ላይ ተጣብቀው ያደጉ ስለሆኑ ከላይ ወድቀው ነው ማለት አይቻልም። በዚያው ዓመት ለሌላ የገመድ መስመር ሰሜን አትላንቲክን የምታጠና ቡልዶግ የተባለች መርከብ 2,300 ሜትር ላይ የነካ ገመዷን ስትስብ በሕይወት ያሉ የኮከብ ዓሣ ዘመዶች ተጠምጥመውበት ወጡ።

ነጋዴዎቹ የፈለጉት ገመድ የሚተኛበት ሜዳ ነበር፤ ያገኙት ግን የሰው ቤት ነው፣ ሰው ባይሆንም ባለቤት ያለው። ከዚህ በኋላ ነው ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን ዞራ የባሕርን ወለልና ፍጥረታቱን ያጠናችው። ዛሬም ነገሩ አልተለያየም። ገመድ የሚዘረጋ ድርጅት መስመሩን በድምፅ ሞገድ አስለክቶ የቱ ዓለት፣ የቱ ጭቃ፣ የቱ ቆሮል እንደሆነ ያወጣል፤ የተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎችም የሚፈልጉት ይህንኑ ካርታ ነው። ለድርጅቱ ዓለት ማለት ገመድ የሚቆርጥ ጠላት ነው፣ ለእነሱ ደግሞ የዓሣ መራቢያ። ሁለቱም ከዚያ ራቁ ነው የሚሉት። ኒውዚላንድ በ1996 ባወጣችው ሕግ ገመዶች ባሉባቸው የተከለሉ ቦታዎች ላይ መልሕቅ መጣልና ዓሣ ማስገር የተከለከለ ነው፤ ሕጉ የወጣው ለገመዱ ሲባል ቢሆንም መረብ የማይጎተትበት ወለል ግን ተገኘ። እንዲህም ሆኖ እስከ ሰኔ 2025 ድረስ በዘመናዊ መሣሪያ የተለካው የዓለም የባሕር ወለል 27 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ሁሉም ግን መልካም ነው ለማለት አይደለም። የገመዱ መዳብ የሚሸፈነው ጉታፐርቻ በሚባል ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፎች በሚገኝ ሙጫ ነበር። ሙጫውን ለማግኘት ዛፉ ይቆረጣል። የቴሌግራፍ ኩባንያዎች ገመድ ባዘዙ ቁጥር የማሌይ ደሴቶች ጫካ ተመነጠረ። ይህ ኪሳራ በየትኛውም የኩባንያው መዝገብ ላይ አልሰፈረም፣ ፊልድም ያሰበበት አይመስለኝም።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። ፊልድ በእነዚህ ዓመታት አትላንቲክን እየተመላለሰ ተሻገረ፤ በሕይወት ዘመኑ ከሃምሳ ጊዜ በላይ እንደተጓዘ ይነገራል፣ ያውም መርከብ ላይ ሆዱን እያመመው። በ1865 ሁሉም ነገር ተለውጦ ነበር። አዲሱ ገመድ የመዳቡ ክብደት ከድሮው ሦስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ሁለት መርከብ መሐል ባሕር ላይ ማገናኘት ቀረ፤ በዘመኑ ከዓለም ትልቋ የነበረችው ግሬት ኢስተርን ገመዱን በሙሉ ብቻዋን ጫነች። መርከቧ ለባለቤቶቿ ኪሳራ ያልሆነችበት ጊዜ አልነበረምና በጨረታ በ25 ሺህ ፓውንድ ብቻ ነው የተሸጠችው። አዲሱ ባለቤት ዳንኤል ጉች ሥራው ካልተሳካ ኪራይ አልጠይቅም፣ ከተሳካ ግን በአክሲዮን ይከፈለኝ አለ። ገመድ ሠሪው ድርጅትም ከክፍያው ከፊሉን በዚሁ መንገድ ተቀበለ። ቀድሞ ሪስኩ በሙሉ በፊልድና በባለአክሲዮኖች ጫንቃ ላይ ነበር፤ አሁን ገመዱን የሚሠራው ሰው ራሱ ገመዱ ካልሠራ ይከስራል። እንደ እቁብ ነው፣ ሁሉም የራሱን አስገብቷል።

ያም ሆኖ ነሐሴ 2 ቀን 1865፣ ሁለት ሦስተኛው መንገድ ካለቀ በኋላ ገመዱ ተበጠሰ። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የተበጠሰበትን ቦታ በፀሐይ ለክተው መዝግበው ነበር። ወለሉ ለስላሳ ጭቃ መሆኑን፣ ጥልቀቱም 3,600 ሜትር ገደማ መሆኑን ያውቃሉ። ስለዚህ ትልቅ ሜንጦ አውርደው ይጎትቱ ጀመር። ገመዱን ደጋግመው ያዙት፣ ወደ ላይ ሲያነሱት ግን የሜንጦው ገመድ እየተበጠሰ አመለጣቸው። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ ሆኖም የተመለሱት በደንብ የሚያውቁት ነገር ይዘው ነው። ገመዱ የት እንዳለና ምን ያህል ጠንካራ መጎተቻ እንደሚያስፈልግ አሁን ያውቃሉ።

ሐምሌ 13 ቀን 1866፣ ዓርብ ቀን፣ ግሬት ኢስተርን እንደገና ከአየርላንድ ወጣች። ቀደም ሲል ገመዱ ውስጥ የሽቦ ስባሪ ተሰክቶ ስለተገኘ ሆን ብሎ የሚያበላሽ ሰው አለ የሚል ጥርጣሬ ነበር፤ በዚህ የተነሳ ገመድ የሚያወጡት ሠራተኞች ኪስ የሌለው፣ በጀርባ በኩል የሚታሰር የሸራ ልብስ ለብሰው ነበር። ምልክቱ ከየብስ ያለማቋረጥ ይፈተሻል። በ14 ቀን፣ ሐምሌ 27፣ ኒውፋውንድላንድ ደረሱ። ሲደርሱም አላረፉም፤ ተመልሰው የ1865ቱን ገመድ ፍለጋ ሄዱ። ሠላሳ ጊዜ ያህል ሞክረው መስከረም መጀመሪያ ላይ ከባሕሩ ወለል አውጥተው መርከቧ ላይ አሠሩት። የመርከቧ የኤሌክትሪክ ክፍል ውስጥ ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ሲጠብቅ አየርላንድ ያለው ጣቢያ መለሰ። ዓመት ሙሉ ጭቃ ላይ የተኛው ገመድ ሕይወት ነበረው። ፊልድ ወደ ክፍሉ ሄዶ ብቻውን እንዳለቀሰ ተጽፏል።

ሁለት የሚሠሩ ገመዶች ማለት አንዱ ቢሞት ሌላው አለ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ለ20 ቃል 20 ፓውንድ ያስከፍሉ ነበር፤ ድሀ የሚልከው ነገር አይደለም፣ ጋዜጦችም ቃላቸውን እየቆጠሩ ነው የጻፉት። ገንዘቡ መግባት ሲጀምር ፊልድ በ1860 ላስከሰራቸው አበዳሪዎች ሁሉ ቀሪውን ዕዳ ከነወለዱ ላከላቸው። ለሁለተኛ ጊዜ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በ1870ዎቹ መጨረሻ ፊልድ የኒውዮርክን ከመሬት ከፍ ብሎ በብረት ምሰሶ ላይ የሚሄድ የከተማ ባቡር ገዛ፣ ታሪፉም 5 ሳንቲም እንዲሆን ታገለ። ሜይል ኤንድ ኤክስፕረስ የሚባል የማታ ጋዜጣም ነበረው። ቀስ በቀስ ከጄይ ጉልድ ጋር ተጎዳኘ፤ ጉልድ ደግሞ በአክሲዮን ገበያ ሰዎችን አራቁቶ የሚታወቅ ሰው ነው። ፊልድ የባቡሩ ድርጅት አክሲዮን ይጨምራል ብሎ በብድር ይገዛ ጀመር፤ የሚገዛበትን ገንዘብ የሚያገኘው ያንኑ አክሲዮን አስይዞ ነው። በሰኔ 1887 ዋጋው በድንገት ተናደ። አበዳሪዎች ገንዘባቸውን ጠየቁ። አክሲዮኑን በወረደ ዋጋ ከወሰዱት ሰዎች አንዱ ጉልድ ራሱ ነበር። የሕይወቱ ሀብት በጥቂት ቀናት ሄደ።

ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ለባሕሩ ሁለት ደብዳቤ የጻፈ ሰው ለገበያው አንድም አልጻፈም። አትላንቲክን ያህል ነገር ላይ ተደጋግሞ ሲወድቅ የሚያነሱት የመርከብ ባለቤት፣ ገመድ ሠሪና ሳይንቲስት ነበሩት፤ ኪሳራውም ከነሱ ጋር የተከፋፈለ ነው። በ1887 ግን ብቻውን፣ በብድር፣ አንድ አክሲዮን ላይ፣ ያውም ጉልድ አጠገቡ እያለ ነበር። ዕድሜ ነው? ያለፈው ድል ነው ልቡን ያሳበጠው? እንጃ፣ ሁለቱም ይመስለኛል። አስተማሪዬ ደግሞ ረቂቁን አንብበው ባሕር አያታልልም፣ ሰው ግን ያታልላል አሉኝ፤ ይህም አንድ ምክንያት ነው።

የመጨረሻ ዓመቱ ከባድ ነበር። በኅዳር 1891 ባለቤቱ አረፈች። በዚያው ወር የልጁ የንግድ ድርጅት ከሰረ፣ ማጭበርበርም ተገኘበት። ፊልድ ሐምሌ 12 ቀን 1892 በ72 ዓመቱ ሞተና ትውልድ አገሩ ስቶክብሪጅ ተቀበረ። በዚያን ጊዜ የቴሌግራፍ ገመዶች በብዙ ባሕሮች ሥር ተዘርግተው ነበር፣ ቀይ ባሕርንም ጨምሮ። የመቃብሩ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ዓለም የአትላንቲክን ቴሌግራፍ ያገኘው በሱ ጽናት መሆኑን ይናገራል። ስለ ባቡሩ አክሲዮን ምንም አይልም።